ውሃ በአዲስ አበባ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

(ስለ ሜትሪክ መለኪያዎች፣ ይልቁንም ስለ ሙቀት መለኪያ፣ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ርእሳችን ያደረግነውን ጥያቄ ለማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብናቀርብለት ሳያመነታ «በ100 ዲግሪ ሴልሲየስ» ብሎ ይመልስልናል። ሁላችንም ከታች ክፍል ጀምረን የተማርነው ይኸንኑ ነው። ዳሩ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ደኅና ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃ ውስጥ ያስገባ ሰው የሚያነበው ቁጥር 92 ገደማ ነው። እሳቱን ቢያበዛው ውሃው ቶሎ ተንኖ ያልቅበታል እንጂ ቁጥሩ ከዚያ አያልፍም።

ነገራችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ደብተሮች ላይ የውሃ መፍያ 100 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ተማሪው ቴርሞሜትሩ 92 ሲለው «መሣሪያው ተበላሽቷል» ይልና መጽሐፉ ያለውን ይጽፋል፤ አራሚውም መጽሐፉን እያሰበ ትክክል ብሎ ያልፈዋል። ዓይን ያየውን ትቶ መጽሐፍ ያለውን መጻፍ ልማድ የሆነ እንደሆነ ወደ ፊት በክሊኒክም፣ በፋብሪካም፣ በእርሻ ምርምርም ሥፍራ የሚከተለን እርሱው ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለዚች 92 ልንነጋገር አስበናል። ወደ እርስዋ ከመድረሳችን በፊት ግን መለኪያ ራሱ ምን እንደ ሆነና ሜትሪክ የሚባለው ሥርዓት ከወዴት እንደ መጣ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን፤ ስለ መለኪያ እያወሩ በሁለት አቆጣጠር መደናገር አያምርም።)

መለካት ማለት አንዱን ነገር ከታወቀ ከሌላ ነገር ጋር ማስተያየት ነው። አባቶቻችን ጨርቁን በክንድና በስንዝር፣ እህሉን በቁና፣ ቡናውን በፈረሱላ፣ ወርቁን በወቄት፣ መሬቱን በጋሻ ይለኩ ነበር። በእነዚህ መለኪያዎች የሚስቅ ተማሪ ካለ ተሳስቷል፤ ለዘመናት ገበያ ያቆሙና ርስት ያካፈሉ ናቸው። ክንድም ቢሆን ሰው ሁሉ ከቤቱ ይዞት የሚወጣው መለኪያ ስለ ሆነ በጣም ምቹ ነው። ችግሩ የረጅሙና የአጭሩ ሰው ክንድ አለመተካከሉ ነው። ቁናም ከአገር አገር ይለያያል። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው እየተባለ ይነገራል፤ ይሁን እንጂ እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ዓይነት ያንስም ይበዛም ነበር። እህሉን በትልቅ ቁና ሰፍሮ የሸጠ ገበሬ በትንሽ ቁና ተሰፍሮለት ሲገዛ የጎደለበትን በዓይኑ እያየ «ቁና ቁና ነው» ተብሎ ይመለሳል።

በፈረንሳይ አገርም ከአብዮቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ባላባቱ ግብሩን የሚሰፍርበት መስፈሪያ የራሱ ነበር፤ መስፈሪያው ባደገ ቍጥር ግብሩ ያድጋል፤ በወረቀት የተጻፈው ልክ ግን እንዳለ ነው። በ1789 ሕዝቡ አቤቱታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ በተፈቀደለት ጊዜ ከየአውራጃው ከመጡት ልመናዎች አንዱ መለኪያ አንድ ይሁንልን የሚል ነበር። የሜትርን ታሪክ በፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ላያገኘው ይችላል። ሊቃውንቱ ሥራውን ሠሩት፤ ጥያቄው ግን የመጣው ከገበሬውና ከነጋዴው ነው።

ሊቃውንቱም መለኪያው የማንም ንጉሥ ክንድ እንዳይሆን ከምድር ከራስዋ እንውሰደው አሉ። ሜትር ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት ከዐሥር ሚሊዮን አንዱ እጅ እንዲሆን ተወሰነ። በ1792 ደላምብርና ሜሼን የሚባሉ ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር ሊለኩ ተነሡ፤ ሥራውም እስከ 1798 ድረስ ቆየ። ዘመኑ የጦርነትና የአብዮት ዘመን ስለ ነበረ ከተራራ ተራራ በመነጽር ሲመለከቱ ያያቸው ሁሉ ይጠረጥራቸው ነበር፤ ሁለቱም በየጊዜው ተይዘዋል። በመካከሉ በ1795 ሜትርን፣ ሊትርንና ግራምን የሚደነግገው ሕግ ወጣ። በ1875 ደግሞ 17 መንግሥታት በፓሪስ ተሰብስበው የሜትር ስምምነት የተባለውን ውል ተፈራረሙ። አገራችንም በ1963 ባወጣችው የመለኪያ አዋጅ ይህንኑ ሥርዓት ተቀብላለች፤ እርግጥ ነው፣ ቁናና ጣሳ ከገበያ አልወጡም።

የሜትሪክ ሥርዓት ጥቅሙ ሁሉም በዐሥር መባዛቱና መካፈሉ ብቻ አይደለም። ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን አንድ ሊትር ይይዛል፤ በእርሱ ልክ ውሃ ቢሞላበት አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንዱን ያወቀ ሌላውን ራሱ ያገኘዋል፤ በቃል መሸምደድ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሙቀት እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ሜትር ጨርቅ ላይ ሁለት ሜትር ብንቀጥል አራት ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ኪሎ ጤፍ ላይ ሁለት ኪሎ ብንጨምር አራት ኪሎ ነው። ነገር ግን 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ላይ 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ብንጨምርበት 80 ዲግሪ አይሆንም፤ ያው 40 ዲግሪ የሆነ ብዙ ውሃ ነው። ሙቀትን እንደ ጨርቅ የምንቀጥለው፣ እንደ እህል የምንሰፍረው ነገር አይደለም። ስለዚህ በሙቀት ምክንያት የሚለወጥ ሌላ ነገር ፈልገን፣ ማለት በቀጭን መስታወት ውስጥ የሚወጣ የሚወርድ ሜርኩሪ ወይም አልኮል አዘጋጅተን፣ የእርሱን ርዝመት እናነባለን።

በእጃችን ለመለካትስ? ማንም ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ሦስት ሳሕን ይቅረብ፤ በአንዱ ሞቅ ያለ ውሃ፣ በአንዱ ቀዝቃዛ፣ በመካከለኛው ለብ ያለ ይደረግበት። ቀኝ እጅን በሙቁ፣ ግራ እጅን በቀዝቃዛው ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ ሁለቱንም በአንድነት ወደ መካከለኛው ማስገባት ነው። ቀኙ «ቀዘቀዘ»፣ ግራው «ሞቀ» ይላል። ውሃው አንድ፣ ሰውየውም አንድ፣ ምስክሮቹ ግን ሁለት ናቸው። እናት የልጅዋን ግንባር በእጅዋ ዳስሳ ትኩሳት እንዳለው ታውቃለች፤ በዚህ አንከራከርም፤ ውጭ ብርድ ውላ የገባች እንደ ሆነ ግን እጅዋ ያስታል።

ቃልስ አላነሰንም። ለብ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትኩስ፣ የሚፋጅ፣ የፈላ እያልን በደረጃ እንናገራለን፤ ምጣዱም ሲጋም ጋጋሪዋ ታውቀዋለች። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው አከፋፈል ነው። ገበሬው ጤፍ የሚሆንበትንና ገብስ የሚሆንበትን ለይቶ ያወጣው ይህ ስም በእውነት የሙቀት መለኪያ ነው፤ መስታወቱ ተራራው ነው ቢባል ይሻላል። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቍጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና። በዚህ መሰላል ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ዳሎል በ1960ዎቹ ዓመታት በተለካ ጊዜ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰው ይኖርበት ከነበረ ሥፍራ ሁሉ በአማካይ ከፍተኛው ነው ተብሎም ተመዝግቧል።

ለቴርሞሜትር ቁጥር የሰጡት ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ሁለቱን ብቻ እንጠቅሳለን። ፋራናይት በ1724 ሥራውን አሳተመ፤ ዛሬ በእርሱ መለኪያ ውሃ በ32 ይረጋል፣ በ212 ይፈላል። በ1742 ደግሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ያስተምር የነበረው አንደርስ ሴልሲየስ ከበረዶ መቅለጫ እስከ ውሃ መፍያ ያለውን መቶ ቦታ ከፈለው። የሚያስቀው ነገር እርሱ መፍያውን ዜሮ፣ መርጊያውን መቶ ብሎት ነበር፤ ሰዎች የገለበጡት በ1744 ከሞተ በኋላ ነው። ሴልሲየስ የሥነ ፈለክ ሰው ነበረ፤ በ1736 የምድርን ቅርፅ ለማወቅ ወደ ላፕላንድ ከሄዱት ምድር ለኪዎች አንዱ ነው። ምናልባት ከዚያ የተማረው ጥንቃቄ ይሆናል፣ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ በየአገሩ አንድ መሆኑን መረመረ፤ ውሃ የሚፈላበት ነጥብ ግን ከአየር ግፊት ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል አውቆ፣ መፍያውን ሲወስን ባሮሜትሩ በስንት መቆም እንዳለበት ጨምሮ ጻፈ።

ይህን በደንብ እንያዘው። መቶ የምትባለዋ ቁጥር ገና ስትወለድ ከግፊት ጋር ተወለደች። ግፊቱን ጥለን ቁጥሩን ብቻ ያወረስነው እኛ የመማሪያ መጽሐፍ አንባቢዎች ነን።

ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ግን ከበላይዋ ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል ያህል፣ ማለት ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ጭነቱ ከቀለለ እንፋሎቱ ቀደም ብሎ ያሸንፋል፤ ስለዚህ በ92። ባሕር ዳር ዝቅ ስለምትል ወደ 94 ይጠጋል፤ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ውሃ የጣደ ሰው 85 ገደማ ያነባል፤ ከባሕር ወለል በታች ባለው በዳሎል ደግሞ ከመቶ በጥቂቱ ያልፋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ካርታ ሊሠሩ በየአገሩ የዞሩ ተጓዦች ይህንኑ ገልብጠው ይሠሩበት ነበር፤ ተራራ ላይ ወጥተው ውሃ ያፈሉና ቴርሞሜትሩን አንብበው የተራራውን ከፍታ ያሰላሉ። እኛ ስሕተት ብለን የምንሰርዘው ቁጥር ለእነርሱ የተራራ ቁመት ነበረ።

ልዩነቱ የቤተ ሙከራ ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድንም። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ቶሎ የማይበስለው ውሃው ከ92 በላይ ስለማይሞቅ ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ የሆነው የግፊት ድስትም የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው። የመጠጥ ውሃ አፍልቶ ጀርም ለመግደል በቆላ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ይበቃል ሲባል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ሦስት ደቂቃ እንዲሆን የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ኦቶክሌቭ የሚባለው፣ የሐኪም መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቀልበት ዕቃ ነው። መሣሪያው ንጹሕ እንዲሆን እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ደርሶ 15 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። ከውጭ አገር የሚመጡ ብዙ መመሪያዎች «የግፊቱ መርፌ 15 ፓውንድ ላይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው» ይላሉ፤ ይህም 103 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። መርፌው ግን የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ 101 እና 103 ሲደመሩ 204 ይሆናሉ፤ በዚህ ግፊት እንፋሎቱ በእውነት 121 ዲግሪ ነው። በአዲስ አበባ ግን 76 እና 103 ተደምረው 179 ብቻ ናቸው፤ በዚህ ግፊት ያለ እንፋሎት 117 ዲግሪ ያህል ነው። መርፌው 15 ላይ ቆሟል፣ ሠራተኛው መመሪያውን አክብሯል፣ ሰዓቱም ሞልቷል፤ አራት ዲግሪ ግን ጎድሏል። እዚህ ከተማ 121 ለማግኘት መርፌው 19 ፓውንድ ገደማ ማለት ይገባዋል። ከዚህ ስብሰባ ነገ የጤና ባለሙያ ሆኖ ወደ ደጋ ወረዳ የሚሄድ ሰው አለ። «ውሃ በ100 ይፈላል» ብሎ ያለ ጥያቄ የተቀበለ ሰው የኦቶክሌቩንም መርፌ ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ዕቃው የራሱ ቴርሞሜትር ካለው ማመን እርሱን ነው፤ ከሌለው ሒሳቡን መሥራት ነው።

ፓውንድና ኪሎ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚደርስ አንድ ታሪክ እንጨምር። በሐምሌ ወር 1983 የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን ለመሄድ 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ካናዳ ያን ጊዜ ወደ ሜትሪክ በመሸጋገር ላይ ነበረች። የነዳጁ መለኪያ መሣሪያ ስላልሠራ ሊትሩን በእጅ አስልተው ወደ ክብደት ሲለውጡ በ0.8 ማባዛት ሲገባቸው በ1.77 አባዙት፤ 1.77 የአንድ ሊትር ክብደት በፓውንድ ሲቆጠር ነው። የተገኘውም 22,300 ፓውንድ፣ ማለት ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ሆነ። አውሮፕላኑ በ12,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በሚባል በተተወ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት፤ የነበሩት 69 ሰዎች ሁሉ ዳኑ። ሒሳቡን ያሰሉት ሰዎች ማባዛት አልተሳናቸውም፤ ከቁጥሩ አጠገብ የምን እንደ ሆነ አልተጻፈም።

ስለ ዲግሪ ሁለት ነገር ሳንናገር እንዳናልፍ። አንደኛ፣ 20 ዲግሪ የ10 ዲግሪ እጥፍ አይደለም። ሴልሲየስ ዜሮ ያለው የውሃ ነጥብ ነው እንጂ የሙቀት ማለቂያ አይደለም። ማለቂያው ከዜሮ በታች 273.15 ነው፤ በ1848 ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ፣ ከዚያ የሚጀምር መለኪያ አቀረበ። በኬልቪን ብንቆጥር 10 ዲግሪ 283.15፣ 20 ዲግሪ 293.15 ነው፤ እጥፍነቱ የት አለ? ሁለተኛ፣ የሙቀት ነጥብና የሙቀት ልዩነት ለየብቻ ናቸው። 37 ዲግሪ ሴልሲየስ ወደ ፋራናይት ሲለወጥ በ9 ተባዝቶ፣ ለ5 ተካፍሎ፣ 32 ይጨመርበትና 98.6 ይሆናል። በ2015 በፓሪስ ስምምነት የተጠቀሰው የ1.5 ዲግሪ ጭማሪ ግን ልዩነት ስለ ሆነ 32 አይጨመርበትም፤ 2.7 ነው። 34.7 ብሎ የሚጽፍ ሰው ምድርን ያቃጥላታል!

ከግንቦት 2019 ወዲህ ኬልቪንን የሚወስነው ውሃ መሆኑ ቀርቷል። ቦልዝማን ለሚባለው የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር የማይለወጥ ዋጋ ተሰጥቶት ከእርሱ ይወጣል፤ ኪሎ ግራምም በፓሪስ አጠገብ ተቆልፎበት ይኖር ከነበረው የብረት ቁራጭ ነፃ ወጥቷል። በዛሬው ጥንቁቅ ልኬት በባሕር ወለል ግፊት እንኳን ውሃ የሚፈላው በ99.97 ነው። ስለዚህ መቶ የሚለው መልስ በምጽዋም ቢሆን ልክ አይሆንም፤ ሊሆን የተቃረበ ነው።

እንግዲህ ለመምህራኖቻችንና ለማኅበራችን ሦስት ልመና አለን። በየቤተ ሙከራው አንድ ባሮሜትር ይሰቀል፤ ዋጋው ለዩኒቨርሲቲ የሚከብድ አይደለም። በሙከራ ወረቀቶች ላይ «የተነበበው» እና «በመጽሐፍ ያለው» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይዘጋጁ፤ ልዩነቱን የሚያስረዳበት ቦታም ይተውለት፤ ነጥቡም ለማብራሪያው ይሰጥ። መለኪያው ያልተጻፈበት ቁጥር ደግሞ፣ ሒሳቡ ልክ ቢሆንም እንኳ፣ አይታረም።

የማኅበሩ የሳይንስ ክፍል በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለት ምድጃና አራት ቴርሞሜትር ያቀርባል። አንዱን ምድጃ እዚሁ ግቢ እናቆመዋለን፤ ሁለተኛውን ይዘን እንጦጦ እንወጣለን። ታች 92 ያህል፣ ላይ ከ90 እስከ 91 እንጠብቃለን። የተለየ ቁጥር ከተገኘ የተገኘው ይጻፋል። ስማችሁን ለመመዝገብ የምትፈልጉ ከበሩ አጠገብ ወረቀት ተዘርግቷል።